አቤት ባይ ያጣ አቤቱታ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ የጠሪውን ድምፅ ለሚሰማ፣ ማንንም ከደጁ ለማይመልስ ጌታ። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሶሓቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

አማ በዕድ፤ ውድ የኢስላም ወንድሞችና እህቶች! ራሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

በቋንቋችን ሁለት ሰዎች በሁለት ቦታ ቆመው የሚሉት አንድ ቃል አለ። እናት ልጇን ስትጠራ ልጁ «አቤት!» ይላል። ሰምቻለሁ፣ እዚህ ነኝ፣ እዘዢኝ ማለቱ ነው። የተበደለ ሰውም ዳኛ ደጅ ቆሞ «አቤት!» ይላል። ስሙኝ፣ ሐቄን ተነጥቄያለሁ ማለቱ ነው። አቤቱታ የምንለውም ይኸው ነው። እንግዲህ አንዱ አቤት ብሎ ሲጮህ ሌላው አቤት ብሎ ካልመለሰለት ነገሩ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ የማነሣው ይህን ጎደሎ ነው፤ የምጀምረውም ከአንድ ላፕቶፕ ነው።

ለልጆቻችን የቅዳሜና እሁድ መድረሳ ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ላፕቶፕ ገዛን። ያዋጡት ታክሲ የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩ አባቶችና እናቶች ናቸው። ሻጩ «ችግር ሲገጥማችሁ በማንኛውም ሰዓት ደውሉ፣ እኛ አለን» ስላለን በዕቃው ዋጋ ላይ ጨምረን የሦስት ዓመት ዋስትና ገዛን። ኡስታዛችን የልጆቹን ቂርኣት በየሳምንቱ እየቀዳች ታስቀምጥበት ነበር። አንድ ልጅ ሲጀምር እንዴት ይንተባተብ እንደነበር፣ ከወራት በኋላ ምላሱ እንዴት እንደተፈታ ወላጁ ቁጭ ብሎ ይሰማበታል። በስድስተኛው ወር ስክሪኑ ጠቆረ። ማሽኑ ይነሣል፣ ማራገቢያው ሲዞር ይሰማል፣ ፊቱ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ደወልኩ። ሙዚቃ ይዘፍናል፤ በየመሐሉ አንድ የተቀዳ ድምፅ «ጥሪዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው» ይላል። አርባ ደቂቃ ያህል ጠብቄ ዝሁር ሊደርስ ሲል ሰው መጣ። ከማሽኑ ሥር የተጻፈውን ቁጥር አንብብልኝ አለኝ። ጽሑፉ ከጤፍ የሚደቅቅ ነው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ፣ ላፕቶፑን ገልብጬ፣ ዓይኑ ከእኔ የተሻለ የአሥር ዓመት ልጅ ጠርቼ እሱ ያነብልኝ ጀመር። «ቢ ነው ወይስ 8 ነው?» ይላል ሰውዬው። ልጁ ፊቱን ወለሉ ላይ ሊያስነካ ምንም ሳይቀረው አጎንብሶ «ቢ» አለ። ከዚያ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ማብሪያውን ተጭናችሁ እስከ ሠላሳ ቁጠሩ ተባልን። ቆጠርን። ጨለማ። የጉዳይ ቁጥር ሰጠን፣ ተለያየን።

በማግስቱ ሌላ ሰው አነሣ። ከሀ ጀመረ። ትናንት ይህን አድርገናል ብለው እንደገና ማድረግ ግዴታ ነው አለኝ፤ እንደገና እስከ ሠላሳ ቆጠርን። በሦስተኛው ቀን ያገኘኋት ሴት በመዝገቡ ላይ ጉዳዩ «ተፈትቷል» ተብሎ መዘጋቱን ነገረችኝ። ማን ፈታው? እኔ አልፈታሁት፣ ማሽኑም አልተፈታ። በመጨረሻ በፖስታ ላኩት ተባልን፤ ላክን። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ተመለሰ። ካርቶኑን ስንከፍት ላዩ ላይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነበረች፤ ችግር አልተገኘበትም ትላለች። ስንከፍተው ስክሪኑ እንደ ጠቆረ ነው። በኋላ በሌላ ስክሪን አገናኝተን ስናየው ውስጡ ተጠርጓል። የልጆቹ ድምፅ ሁሉ የለም። ሌላ ቦታ ገልብጠን አለማስቀመጣችን የእኛ ጥፋት ነው፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ያ ቁጥሩን ያነበበልኝ ልጅ «ኡስታዝ፣ የእኔ ያሲንስ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት ቃል አጣሁ። ደሴ ላለችው አያቱ ሊልክላት የቀዳው ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «በሚንበር ላይ ስለ ተበላሸ ኮምፒውተር ይወራል ወይ?» ትሉ ይሆናል። ቁርኣን ስለ ሚዛንና ስለ ስፍር ለብቻዋ የተሰየመች ሱራ እንዳለችው አስታውሱ፤ ሱረቱል ሙጠፊፊን፣ ሰማንያ ሦስተኛዋ። የምትጀምረው ለራሳቸው ሲሰፍሩ ሞልተው ወስደው ለሌላው ሲሰፍሩ በሚያጎድሉ ሰዎች ላይ ጥፋትን በማወጅ ነው። ሊቃውንቱ ይህች ሱራ በእህልና በዘይት ብቻ እንደማትወሰን፣ የሰው ሐቅ ባለበት ሁሉ እንደምትገባ አስተምረውናል። ለእኛ የተሸጠው ነገር ደግሞ ሁለት ነበር፤ አንዱ ዕቃው፣ ሁለተኛው «አለን» የሚለው ቃል። ለቃሉም ለብቻው ዋጋ ተከፍሏል። ደረሰኙ ላይ በራሱ መስመር ተጽፏል። ታዲያ የቃሉን ዋጋ ሞልቶ ተቀብሎ፣ ቃሉን ግን አጉድሎ የሚሰፍር ነጋዴ ከየትኛው ወገን ይመደባል?

በአራተኛው ጥሪ ላይ ድምፄ ከፍ አለ። የማይገባ ቃል ወጣኝ፤ አላህ ይማረኝ። ይህን ለጥቂት ወንድሞች ነግሬያቸው ነበርና ከዒሻ በኋላ አንድ ወጣት ቀስ ብሎ ጠጋ አለኝ። «ኡስታዝ፣ እኔ የምሠራው ያንን ሥራ ነው» አለኝ። ለሌላ ድርጅት ነው፤ ሥራው ግን አንድ ነው። ያጫወተኝን ልንገራችሁ። ስልኩን ባነሣ ቅጽበት ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ከተወሰነለት ደቂቃ ሲያልፍ ቀለሙ ይለወጣል፤ አለቃው ከራሱ ወንበር ሆኖ ያየዋል። የሚያነብበው የተጻፈ ጽሑፍ አለ፤ ደዋዩ አድርጌዋለሁ ቢልም አንዱን እርምጃ ከዘለለ ይመዘገብበታል። ብዙ ጊዜ ሰውየው ገና ማስረዳት ሲጀምር ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ይገባዋል። ነገር ግን አዲስ ዕቃ እንዲላክ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። «የማውቀውን እንዳልናገር፣ ሰውየው የማይፈልገውን እንዳነብ ነው የምከፈለው» አለኝ። በቀን ስንት ጊዜ እናቱ እንደምትሰደብ ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

እኔም አፈርኩ። ስልኩን ያነሣው ልጅ የሰው ቤት እንጀራ ፈላጊ ነው። ሚዛኑን ያዘጋጀው ሌላ ነው። ያ ሚዛን የሚለካው ጥሪው ምን ያህል ደቂቃ ፈጀ የሚለውን ነው፤ የሰውየው ችግር ተቃለለ ወይ የሚለውን አይለካም። ሚዛን አጉዳዩ ሙጠፊፍ ድሮ ጣቱን ሰሐኑ ላይ አሳርፎ ነበር የሚሰርቀው፤ ዛሬ ሰዓቱ ላይ አሳርፎታል። ስለዚህ ስትደውሉ ምላሳችሁን ጠብቁ። የተበደለ ሰው መናገር ተፈቅዶለታል፤ ያልበደለውን መሳደብ ግን አልተፈቀደለትም።

በዚህ አገር፣ በአሜሪካ፣ በአደባባይ የተመሰከረ አንድ ታሪክ አለ፤ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ዴል የተባለው ትልቅ የኮምፒውተር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከሜይ 2003 እስከ ጁላይ 2005 ኦፕቲፕሌክስ የሚባሉ የቢሮ ኮምፒውተሮችን በብዛት ሸጠ። በማዘርቦርዱ ላይ ካፓሲተር የሚባሉ፣ እንደ ትናንሽ ቆርቆሮ የቆሙ ዕቃዎች አሉ፤ ኤሌክትሪኩን አጠራቅመው በልክ የሚለቁ ናቸው። ጤነኛው ካፓሲተር አናቱ ጠፍጣፋ ነው። ብልሹው ግን አናቱ እንደ ቡሃቃ ሊጥ ያብጥና ይተረተራል፤ ከውስጡም ፈሳሽ ያዣል። ያን ጊዜ ማሽኑ በድንገት ይጠፋል፣ ወይ ጭርሱን አይነሣም። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2010 ከፍርድ ቤት የወጡ ሰነዶችን መርምሮ እንደጻፈው፣ ይህ አደጋ ያለባቸው ማሽኖች ቢያንስ 11.8 ሚሊዮን ነበሩ።

ዕቃ ይበላሻል። የሰው እጅ የሠራው ነውና ማንም በዚህ ብቻ አይወቀስም። ወቀሳው ሰዎች ሲደውሉ በተሰጣቸው መልስ ላይ ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ማሽኖቹ ሲሞቱበት አመለከተ። የተሰጠው ምክንያት፣ ከባድ ስሌት እያሠራችኋቸው ስለጨነቃቸው ነው የሚል ነበር። ኮምፒውተር ስሌት ሠራ ተብሎ! 2,000 ኮምፒውተር ከዴል የተከራየ የሰሜን ካሮላይና የኢንተርኔት ድርጅትም አቤት አለ፤ እሱን ደግሞ በጠባብና በሞቀ ቦታ ስላጎርካቸው ነው አሉት። ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2007 ፍርድ ቤት አደረሰው። በወጡት ሰነዶች ውስጥ ሠራተኞች ቦርዱ ብልሽት አለበት የሚያሰኝ ቃል ለደንበኛ እንዳይናገሩ የሚያሳስብ መልእክት ተገኘ። ዴልን ወክሎ ይከራከር የነበረው የሕግ ቢሮ ራሱ አጠራጣሪ የሆኑ 1,000 ኮምፒውተሮቹን አድሱልኝ ሲል ማንገራገር ነው የገጠመው። ፍትሕ ለማጉደል አልፈልግምና ይህንንም ልናገር፤ ድርጅቱ በ2005 ለጥገናው 300 ሚሊዮን ዶላር መድቧል፣ የዋስትናውንም ጊዜ አራዝሟል። ግን እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው «ጥፋቱ የአንተ ነው» ተብሎ ስልኩን ዘጋ?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አዩ። ላዩ ደረቅ ነው፣ ያማረ ነው። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣቶቻቸውን ርጥበት አገኛቸው። ባለቤቱን ጠየቁት፤ ዝናብ መትቶት ነው አለ። ዝናቡን በእሱ ላይ አልቆጠሩበትም። ርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ወደ ላይ እንዳላወጣው ነው የጠየቁት፤ አታላይም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት ሐዲሱ ይህ ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዝናቡ የአላህ ቀደር ነው፤ ካፓሲተሩም ያበጠው ማንም ፈልጎት አይደለም። ወንጀሉ ደረቁን እህል ላይ አድርጎ ርጥቡን መሸፈን ነው። ሸሪዓችንም ነውር ያለበትን ዕቃ ሳያውቅ ለገዛ ሰው የመመለስ መብት ሰጥቶታል፤ ፉቀሃው ኺያሩል ዐይብ ይሉታል። ገዢው ነውሩን አይቶ ሲመጣ «እጅህ ነው ያረጠበው» የሚለው ሻጭ ግን አንዱን በደል ሁለት አደረገው፤ ሐቁን ከወሰደበት በኋላ ጥፋተኛ አድርጎ ይሸኘዋል።

ይህን ካየሁ በኋላ ሱረቱል ሙጃደላን በሌላ ልብ ነው የማነባት። ኸውላ ቢንት ሠዕለባ (ረ.ዐ) ባላቸው በጃሂሊያ ልማድ በዚሃር ቃል ከራሱ ሲለያቸው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። ደጋግመው አመለከቱ፣ ተከራከሩ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እዚያው ቤት ጥግ ሆነው ከሚሉት ከፊሉን አልሰሙትም ነበር። አላህ ግን ከዙፋኑ በላይ ሆኖ ሰማቸው፤ ሱራዋም የተከፈተችው ያችን ሴት መስማቱን በመናገር ነው። ልብ በሉ፤ ፍርዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድሞ የተነገረው መሰማቷ ነው። ከዓመታት በኋላ ዑመር (ረ.ዐ) ከሊፋ ሆነው ከሰዎች ጋር ሲሄዱ እኚሁ ሴት አርጅተው መንገድ ላይ አስቆሟቸው። ዑመር ቆመው አዳመጡ፤ ረጅም ጊዜ። አብሯቸው የነበረው ሰው ለአንዲት አሮጊት ይህን ሁሉ ሰው ያስቆማሉ ወይ ሲላቸው፣ አላህ የሰማትን ዑመር እንዴት አይሰማትም የሚል መልስ እንደሰጡት ተዘግቧል። እስኪመሽ ድረስ ብታስቆማቸው ከሶላት በቀር ከዚያ ቦታ እንደማይነቃነቁም ነገሩት። የዚያ ሁሉ አገር መሪ፣ ሰዓት የሚቆጥርበት አለቃ አልነበረበትም፤ የሚቆጥርበት አላህ እንደሆነ ግን ያውቅ ነበር።

ይህን ብዬ ለራሴም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ እናንተም ለምኑት።

*

ምስጋና ለአላህ፤ ሶላትና ሰላም በረሱሉ ላይ ይሁን።

ውድ ጀማዓዎች! «ትልቅ ድርጅት ነው፣ ምን ይደረጋል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ነቢያችን ወሕይ ሳይመጣላቸው፣ ገና ወጣት ሳሉ መካ ውስጥ የሆነውን ስሙ። ከየመን የመጣ ነጋዴ ዕቃውን ለዓስ ኢብን ዋኢል ሸጠ። ዓስ ከቁረይሽ ታላላቆች አንዱ ነው፤ ዕቃውን ወስዶ ገንዘቡን ከለከለ። ሰውየው ወደ አንዱ ጎሳ ሄደ፣ ወደ ሌላው ሄደ፤ ማንም ዓስን መድፈር አልፈለገም፣ አባረሩት። ከእጅ ወደ እጅ መወርወር አዲስ ነገር አይደለም። በመጨረሻ ፀሐይ ስትወጣ ቁረይሾች ካዕባ ዙሪያ ተቀምጠው ሳሉ አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ በደሉን በግጥም ጮኸ። ያን ጊዜ የነቢያችን አጎት ዙበይር ኢብን ዐብዱል ሙጠሊብ ተነሣ። በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰባስበው፣ የአገሩ ልጅም ሆነ እንግዳ፣ የተበደለ ሁሉ ሐቁ እስኪመለስ ድረስ አንድ እጅ ሊሆኑ ተማማሉ። ሒልፉል ፉዱል ይሉታል። ከዚያ አብረው ወደ ዓስ ሄደው ዕቃውን አስመለሱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እዚያ ነበሩ፤ ከነቢይነት በኋላም ለእንዲህ ያለ ቃል ኪዳን ዛሬ ቢጠሩ አቤት እንደሚሉ ተናግረዋል።

ያ ነጋዴ ለብቻው ሲዞር ሰሚ አላገኘም፤ ሰዎች ሲሰበሰቡለት አገኘ። በዚህ አገርም ያየነው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የኒውዮርክ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የብዙ ሰዎችን አቤቱታ ሰብስቦ ያንኑ ዴልን ከሰሰ። ከክሱ አንዱ፣ ቤታችሁ መጥተን እንጠግናለን ተብሎ ዋስትና የተሸጠላቸው ሰዎች የማሽኑን ክዳን ራሳችሁ ፍቱ፣ ዕቃውን ራሳችሁ ነቅላችሁ መልሱ ይባሉ ነበር፤ ሲደውሉም ይንገላታሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ፣ መስመሩ ይቋረጥባቸዋል የሚል ነበር። በ2008 የኦልባኒ ዳኛ ድርጅቱ በማጭበርበርና በአሳሳች ንግድ ሕግ መጣሱን ፈረደ። እያንዳንዱ ሰው በየቤቱ ተቀምጦ በልቡ ተናድዶ ብቻ ቢቀር ኖሮ ያ መዝገብ አይከፈትም ነበር።

ስለዚህ የማሳስባችሁ ነገር አለኝ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሟ፣ በሱረቱል በቀራ ያለችው 282ኛዋ፣ ስለ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ የብድርን ውል ስለ መጻፍ ናት። ትንሽም ቢሆን፣ ትልቅም ቢሆን ለመጻፍ አትሰልቹ የሚል ትእዛዝ አለባት። ታዲያ ስትደውሉ ጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስም፣ የጉዳዩን ቁጥር፣ የተገባላችሁን ቃል። ደረሰኝ አትጣሉ። ማሽን ከመላካችሁ በፊት የልጆቻችሁን ፎቶና ድምፅ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ እኛ በዚህ ተቀጥተናል። መልስ ካጣችሁ በአብዛኛው ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾችን አቤቱታ የሚቀበል ክፍል አለ።

እንግሊዝኛው የማይመቻቸው እናቶችና አባቶች ደግሞ አሉን። ሙዚቃውን አርባ ደቂቃ ይጠብቃሉ፤ ሰው ሲመጣ የሚለው አይገባቸውም፤ «ይሁን» ብለው ይዘጋሉ። ያ «ይሁን» ያማል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የሁለት ዓመት ዋስትና ያለው ኮምፒውተራቸውን በፌስታል ቋጥረው አምጥተው «ልጄ፣ ለሚፈልገው ስጥልኝ፣ እኔ ስልኩ ደክሞኛል» አሉኝ። አልተቀበልኳቸውም። ያ የነገርኳችሁ ወጣት ተቀበላቸው። በአራተኛው ቀን አዲስ ስክሪን ተላከላቸው፤ በየትኛው ቃል ቢጠየቅ የትኛው በር እንደሚከፈት ያውቃልና። እሱና ሁለት ጓደኞቹ ከዛሬ ጀምሮ ዘወትር ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረዋችሁ ይደውላሉ፣ አብረዋችሁ ይጠብቃሉ።

ሱቅ ያላችሁ፣ ስልክ የምትጠግኑ፣ ዕቃ ወደ አገር ቤት በካርጎ የምትልኩ ወንድሞችም በመካከላችን አላችሁ። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ስልካችሁን ክፈቱና ሳታነሡ ያለፋችሁትን የደንበኛ ቁጥር እዩ። መልሳችሁ ደውሉለት።

አላህ ሆይ! አንተ ከሁሉ ቅርብ ሰሚ ነህ፤ የተበደለን ሰው ዱዓ የሚጋርድ መጋረጃ በአንተ ዘንድ የለም። ሐቃቸው የተያዘባቸውን ሐቃቸውን መልስላቸው። በስልክ ጫፍ ተቀምጠው በሌላው ጥፋት የሚሰደቡትን ልባቸውን ጠግን፣ ሪዝቃቸውን አስፋ። ሥልጣንና ሚዛን በእጃቸው የሆነውን ወደ ቅንነት ምራ። ለልጆቻችን ቁርኣንን በልባቸው ውስጥ አኑርላቸው፤ ለዚያም ልጅ ያሲኑን። ወላጆቻችንን፣ በአገር ቤትም በስደትም ያሉ ወገኖቻችንን ጠብቅ። አሚን።

ረድፋችሁን አስተካክሉ። ሙአዚን፣ ኢቃማ አድርግ።